ትርፍ ጭነት

በኮምቦልቻ መግቢያ፣ ከሚዛኑ ጣቢያ
ቁጭ ብዬ እውላለሁ ከመስኮት መከለያ።
መኪና ይወጣል፤ ብረቱ ሲጨነቅ
ቁጥሩ ይርገበገብና ቀጥ ይላል፣ ድርቅ።
ወረቀቱ ሌላ፣ ሚዛኑ ሌላ ነው፤
"ሠላሳ ቶን" ይላል፣ ሠላሳ ሦስት ነው።
ትርፉን እጽፋለሁ፣ ቅጣት እቆርጣለሁ፤
ሾፌሩ ይለምናል፣ አልሰማም እላለሁ።

ቅዳሜ ሲነጋ ግን እኔም ተጫኝ ነኝ፤
የይመር ሚኒባስ ሐረጎን ሲያስወጣኝ
ጭኔ ላይ ደብተሬ፣ ደብተሬ ላይ ቦርሳ፣
ከላይ ጉሙን ለብሶ የሚጠብቀኝ ጦሳ።

ማስተርስ ልማር ብዬ ደሴ ስመዘገብ
አንዲት ቀጭን መመሪያ ሰጡኝ እንዳነብብ።
"አንድ ክሬዲት ማለት" ይላል ገጽ ሰባቱ፣
"አንድ ሰዓት ክፍል ነው በየሳምንቱ፤
ለዚያች አንድ ሰዓት ሌላ ሦስት ጨምሮ
ተማሪው ያነባል፣ ጊዜውን ቀምሮ።"
አራት ኮርስ፣ ሦስት ሦስት፤ አሥራ ሁለት አልኩኝ፤
በአራት አባዛሁት፣ አርባ ስምንት ወጣኝ።
የሚዛን ቤት ሥራም አርባ ስምንት ሰዓት፤
ሁለቱ ሲደመር ዘጠና ስድስት።
ሰባ ሁለት ቀረኝ። ፈረምኩኝ በደስታ፤
ወረቀት ላይማ ማን ይቸገራል ቦታ?

የዶክተር አራጋው ስታቲስቲክስ ሦስት ነው፤
የምርምር ሥነ ምግባሩም ያው ሦስት ነው።
አንዱ በአንድ ማምሻ ተነቦ ያልቃል፣
አንዱ ሰባት ሌሊት ከኔ ጋር ይታገላል፤
ትራንስክሪፕቱ ላይ ጎን ለጎን ሲሰፍሩ
መንታ ይመስላሉ፣ እኩል የከበሩ።

የትኛው ክሬዲት ላይ ተጽፏል መንገዱ?
ክረምት ናዳ ወርዶ መኪኖች ሲታገዱ
ቆመን ያሳለፍናት ያቺ የጭጋግ ሰዓት?
መብራት ሲጠፋብኝ በሻማ ያየኋት
ያቺ አንዲት ቀመር፣ ሦስት ጊዜ የሳትኳት?
የሙና ትኩሳት፣ የልጄ፣ የዚያን ለት
አንዱን አንቀጽ አሥሬ ማንበቤስ የት ይግባ፣ የት?

ሰኞ ገበያ በር ባለ ሱቁ አበጋዝ
እያሾፈ ይላል፣ ስኳር ሲመዝን፣ ፈዘዝ፦
"ክሬዲትማ ዱቤ ነው፤ ማን ነው ባለዕዳው?
አንቺ ነሽ? እነሱ? ደብተሩስ ማን ጋ ነው?
እኔ ግማሽ ኪሎ ስኳር እንኳ አልረሳ፤
ያንቺን ሌሊት ሁሉ ማን ጽፎ፣ ማን ረሳ?"

ዶክተር አራጋውን ደፍሬ ጠየቅኩት፦
"ይህን ሦስት ሲሉ መዝነው ነው የሰጡት?"
መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣
ጦሳ ላይ ይመስል መልሱን ፈለገ።
"ከኔ በፊት ነበር፤ እኔም ተቀበልኩት።
ለኔም አሥራ ሁለት ነው የተጻፈልኝ ጭነት፤
የናንተን ወረቀት ሳርም ግን ይነጋል።
ያንን ማን ቆጥሮታል?"
ብሎ ዝም አለ። ጉሙ መስኮቱን ሞላው።
እኔም ዝም አልኩኝ።

ሰኞ ሚዛን ቤት ነኝ። ሙሄ ከሚሌ መጣ፤
ሦስት መቶ ኪሎ ትርፍ ከሚዛኑ ወጣ።
"እህቴ" አለኝ፣ "ወረቀቱ ሜዳ ላይ ነው የተጻፈው፤
ዳገቱን ግን ጎማዬ ነው ያነበበው።"
ቀጣሁት። ደረሰኙን ቆረጥኩለት።
ብቻ እጄ፣ ከወትሮው፣ ትንሽ ዘገየብኝ።

መስከረም ሲጠባ፣ ፋንትዬ የምትባል
አዲስ ገቢ መጣች፦ "ስንት ሰዓት ይሆናል
ሦስት ክሬዲት?" አለች፣ ያችኑ መመሪያ ይዛ፤
ጥግ ጥጉ ያልታጠፈ፣ ገና ሽታው ሳይለዛ።

"ሦስት ነው" አልኳት። "ኮምቦልቻ ላይ ሦስት ነው።
ሐረጎ ወገብ ላይ ስትደርሺ ደውዪልኝ፤
ያኔ እንመዝነው።"